ሶየር ስኩዊዝ የውኃ ማጣሪያ፦ ጠመንጃ ተሸክሞ ለሚጓዝ ሰው ይሆናል?

ጠመንጃ ይዞ ለሦስት አራት ቀን ዱር ውስጥ ለመለማመድ የሚያቅድ ሰው መጀመሪያ የሚጣላው ከሚዛን ጋር ነው። መነጽርና ማንገቻ የተገጠመለት የአደን ጠመንጃ 4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 20 ፍሬ የ7.62 በ51 ጥይት ሲጨመርበት ሌላ ግማሽ ኪሎ ነው። ይህ ሸክም ከመኝታና ከልብስ ላይ ስለማይቀነስ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ውኃው ላይ ነው፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነውና። የሶየር ስኩዊዝ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። 85 ግራም የሚመዝን፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ማጣሪያ ሲሆን፣ 4 ሊትር ተሸክሞ ከመነሳት ይልቅ በ1 ወይም በ2 ሊትር ከምንጭ ወደ ምንጭ ለመሄድ ያስችላል። እንደኛ ከሆነ ማጣሪያው ገንዘቡን ያወጣል፤ አብሮት የሚመጣው፣ ያልተጣራ ውኃ ሞልተው በማጣሪያው በኩል የሚጨምቁት ከረጢት ግን አያወጣም።

ይህ ስሌት የሚሠራው መንገዱ ላይ ውኃ ካለ ብቻ ነው። ካርታ ላይ በተቆራረጠ ሰማያዊ መስመር የተሣለ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ስለማይፈስ ከውኃ አይቆጠርም። መስመራቸው ያልተቆራረጠውን ብቻ ለይቶ፣ ከአንዱ እስከ ሌላው ያለውን የእግር መንገድ በሰዓት አስልቶ፣ ለእያንዳንዱ ሰዓት ግማሽ ሊትር መያዝ ነው። ሙቀትና ዳገት ካለ ይጨመርበታል። ማደሪያው ከውኃ የራቀ ከሆነ ለማብሰያና ለሌሊት 2 ሊትር ያህል ይታከላል። የጦር መሣሪያ ፈቃድና የአካባቢው ሕግ ከዚህ ሁሉ በፊት የሚጣራ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።

የማጣሪያው ውስጥ ከታጠፉ፣ እንደ ክር ከቀጠኑ ቱቦዎች የተሠራ ነው። ውኃው የሚያልፈው በቱቦዎቹ ግድግዳ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ሲሆን ስፋታቸው ከ0.1 ማይክሮን አይበልጥም (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። ተቅማጥ ከሚያመጡት ጥገኛ ተሕዋስያን ጃርዲያ ከ8 እስከ 12 ማይክሮን፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም ከ4 እስከ 6 ማይክሮን ስለሆኑ አያልፉም፤ እንደ ኢ. ኮላይ ያሉ ባክቴሪያዎችም እንዲሁ። እንደ ኖሮቫይረስና ሄፓታይተስ ኤ ያሉ ቫይረሶች ግን ወደ 0.03 ማይክሮን ስለሚያንሱ ሰተት ብለው ያልፋሉ። ከሰው መኖሪያ በታች የሚወርድ ወንዝ ከሆነ የተጣራው ውኃ ላይ ተሕዋስያንን የሚገድል የክሎሪን ዳይኦክሳይድ እንክብል ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ፣ አለዚያም ማፍላት ያስፈልጋል፦ ከ2,000 ሜትር በታች ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ 3 ደቂቃ። ፀረ ተባይ፣ ነዳጅ፣ ጨውና እርሳስ ላይ ማጣሪያው ምንም አያደርግም።

አሁን ወደ ከረጢቱ። አፉ ጠባብ፣ ጎኑ የተጣበቀ ስለሆነ ጥልቀት ከሌለው ምንጭ አይሞላም። ከሞላ በኋላ ደግሞ ሰው ሲቸኩል እንደ እርጥብ ልብስ ይጠመዝዘዋል፤ ያን ጊዜ ስፌቱ፣ ብዙውን ጊዜም አንገቱ ሥር ያለው፣ ይከፈታል። መፍትሔው ርካሽ ነው። የማጣሪያው ጥርስ (ጠርሙስ የሚጠመዘዝበት አፉ) 28 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የአብዛኛው የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አፍ ይገጥመዋል። ክዳናቸው አጭርና ስስ የሆነ አንዳንድ የውኃ ጠርሙሶች ግን የገጠሙ መስለው ያፈስሳሉ፤ ከቤት ሳይወጡ ሞልቶ መጭመቅ ነው። ሌላ ጠርሙስ ከወገቡ ተቆርጦ መቅጃ ይሆናል፤ ክብደቱ ከቁጥር አይገባም።

ከሁሉ በላይ መጠበቅ ያለበት በጥርሱ ውስጥ የምትቀመጠው ነጭ የጎማ ቀለበት ናት። ጠርሙሱ ሲፈታ ከአፉ ጋር ተጣብቃ ትወጣና ሣር ውስጥ ትጠፋለች። ብትኖርም አለልክ ከተጠበቀባት ትጣመማለች። ያን ጊዜ ያልተጣራ ውኃ በመጋጠሚያው ያፈተልክና የማጣሪያውን ገላ ይዞ ቁልቁል ይወርዳል፤ መጨረሻ ላይ ከተጣራው ጋር ተደባልቆ ንጹሁ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ሆዱን የታመመ ሰው «ማጣሪያው አልሠራም» ይላል፤ ማጣሪያው ሠርቷል፣ ጠብታው ነው በጎን የሄደው። ማጣሪያውን በጣት ብቻ አጥብቆ፣ ሲጨመቅ መጋጠሚያውን ማየት፣ እርጥበት ከታየ አቁሞ ቀለበቷን ማስተካከል ይገባል። ሁለት ትርፍ ቀለበት ይያዝ። ያልተጣራ ውኃ የሚያዝበት ጠርሙስ ላይ ደግሞ በጨለማም በእጅ የሚታወቅ ፕላስተር ይጠምጠምበት።

መዘጋት የማይቀር ነው። አዲስ ሲሆን አንድ ሊትር በደቂቃ ወይም ጥቂት ዘግየት ብሎ ይወርዳል። ደፍራሽ ውኃ ከገባበት ግን ያው ሊትር በአንድ ቀን ውስጥ አምስት ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው አጥብቆ መጭመቅ ነው፤ ይህ ደለሉን ከቀዳዳዎቹ ውስጥ ይበልጥ ይወትፈዋል። ትክክለኛው አብሮ በሚመጣው ሲሪንጅ የተጣራ ውኃ ስቦ፣ በንጹሁ በኩል ወደ ኋላ በኃይል መግፋት ነው፤ የሚወጣው ውኃ እስኪጠራ ይደጋገማል። ቀስ ብሎ መግፋት ዋጋ የለውም፤ ውኃው ባልተዘጉት ቱቦዎች ብቻ ሾልኮ ይወጣል። ለዚህ የሚሆን ግማሽ ሊትር የተጣራ ውኃ ማጣሪያው ጨርሶ ከመዘጋቱ በፊት መቀመጥ አለበት። ደፍራሹን ውኃ ግማሽ ሰዓት አስቀምጦ ማዝቀጥና ላዩን በጨርቅ ማሳለፍ ይህን ሁሉ ልፋት በግማሽ ይቀንሰዋል።

ሌላው ጠላቱ ውርጭ ነው። አንዴ ውኃ የገባበት ማጣሪያ ከቀዘቀዘ በረዶው ቱቦዎቹን ሊሰነጥቅ ይችላል፤ መሰንጠቃቸውን ዱር ላይ በእርግጠኝነት የሚያሳይ ፈተና የለም። ውኃው እንዲያውም ፈጠን ብሎ ሊወርድ ስለሚችል ሰው ተሻለው ብሎ ይደሰታል። የቀዘቀዘ ማጣሪያ ይጣላል። ስለዚህ ሌሊት በላስቲክ ተጠቅልሎ መኝታው ውስጥ ይደር። ጠመንጃው በተቃራኒው ነው፤ ከብርድ ወደ ሙቀት ሲገባ ብረቱ ስለሚያልበው ጥይት ወጥቶለት፣ እጅ በሚደርስበት፣ ብርዱ ውስጥ ማደሩ ይሻለዋል።

ውኃ መቅጃው ቦታ ብዙ ዝግጅት የሚፈርስበት ነው። ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ሁለቱም እጅ ተይዟል፣ ጎንበስ ሲሉ በትከሻ የተንጠለጠለው ጠመንጃ ይንሸራተትና አፈሙዙ ጭቃ ይነካል። በጭቃ ወይም በውኃ የተዘጋ በርሜል ሲተኮስ ሊፈነዳ ይችላል። ከመንበርከክ በፊት ጥይቱን አውጥቶ፣ መዝጊያውን ከፍቶ፣ መሣሪያውን ለጓደኛ መስጠት ወይም ደረቅ መሬት ላይ ማጋደም ነው። ዛፍ ላይ የተደገፈ ጠመንጃ ይወድቃል። ተኩስ የነበረበት ቀን ከሆነ ደግሞ እጅ ላይ የእርሳስ ብናኝ ይቀራልና የማጣሪያውን ንጹሕ ጫፍ ከመንካት በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ከውኃው ራቅ ብሎ።

ቅዝቃዜው የጠና አገር ለሚሄድ ወይም ውኃው ከከተማ በታች ለሆነበት ሰው ይህን ብቻ ይዞ መውጣት አንመክርም። በእንክብል ብቻ መተማመንም ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ክሪፕቶስፖሪዲየምን ለመግደል 4 ሰዓት ይፈልጋል። ሁለቱን አብሮ መያዝ 100 ግራም ገደማ ነው።

ከጉዞ መልስ ማጣሪያው ወደ ኋላ ታጥቦ፣ ውኃው በደንብ ተራግፎ፣ አየር ባለበት ይድረቅ። ከወራት በኋላ ሲወጣ ምንም ካላሳለፈ በውስጡ የደረቀው ማዕድን ነው፤ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ፣ እምቢ ካለም አቼቶ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ነክሮ በሲሪንጅ መግፋት ብዙውን ጊዜ ይከፍተዋል። የሚቀመጥበት ኪስ ከጠመንጃ ዘይትና ማጽጃ የተለየ መሆን አለበት፤ የፈሰሰ ማጽጃ ፕላስቲኩ ላይ ከዋለ የሚቀጥለው ጉዞ ውኃ ያን ያን ይሸታል፣ ማጣሪያውም ያን ሊያስቀረው አይችልም።