ሥጋው ምን አጠፋ?

ከዓመታት በኋላ ለእረፍት ሀገር ቤት ገብቼ ሁለት ቦታ የአጋዘን ሥጋ በላሁ። አንዱ አቃጠለኝ፣ ሌላው ከሥጋው ጋር አስታረቀኝ።

የመጀመሪያው ስሙን የማልጠራው ትልቅ ምግብ ቤት ነው። ሜኑው «ለስላሳ የአጋዘን ጭቅና» ይላል። ከእህቴ ጋር አዘዝን። ሃያ ደቂቃ አለፈ። አርባ። «እየደረሰ ነው ጋሼ» ትላለች አስተናጋጇ። በቋንቋዬ ጋሼ ከተባልኩ ስንት ጊዜዬ! ዝም አልኩ። ከ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በኋላ መጣ። ግራጫ። ቢላው ተንሸራተተ። እህቴ ሁለት ጊዜ አኝካ «ይሄ እየሮጠ ነው እንዴ የተጠበሰው?» አለች። በኋላ አስተናጋጇ ቀስ ብላ ነገረችን፤ ሥጋው ቀድሞ ተጠብሶ፣ ሌላው እስኪደርስ ምድጃ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሥራ አስኪያጁን ስጠይቀው ግን «የዱር ሥጋ ጠንካራ ነው፣ ምን ይደረግ» አለኝ። ሂሳቡ ላይ ደግሞ «ልዩ ዝግጅት» ብለው የሜኑውን ዋጋ ሩብ ጨምረውበታል። ልዩነቱ ምድጃ ውስጥ መክረሙ መሆን አለበት። ተከራክሬ፣ ደክሞኝ ከፈልኩ።

ጭቅና ጠንካራ ሆኖ አይደለም። ስብ የለውም። 100 ግራሙ ውስጥ 3 ግራም እንኳ አይሞላም። ውስጡ 65 ዲግሪን ሲያልፍ ጭማቂው ተጨምቆ ይወጣል፤ ድርቀቱን የሚሸፍንለት ስብ ደግሞ የለም። እዚያ የምኖርበት አገር ያለው ሥጋ ሻጬ «ቴርሞሜትር ከሌለህ አልሸጥልህም» እያለ ይቀልድብኛል። ቀልዱ አሁን ነው የገባኝ።

ሁለተኛው ያደርንበት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ወጥ ቤቱን የያዙት እናት ቆሜ እንዳይ ፈቀዱልኝ። ጨው ከጠዋት ነስንሰውበታል። ስሱን ነጭ ሽፋን ገፈፉ፤ እሱ ካልተነሳ እሳት ሲነካው ሥጋውን ይኮማትረዋል። ውጪውን በጨርቅ አደረቁ። መጥበሻው መጨስ ሲጀምር ሥጋውን አሳረፉበት፣ በየጎኑ ትንሽ ደቂቃ። ከዚያ ቅቤ ጣል አድርገው በማንኪያ እየቀዱ አፈሰሱበት። 55 ዲግሪ ላይ አወጡት። «ሲያርፍ ሙቀቱ ራሱ ይጨምራል» አሉኝ። ስምንት ደቂቃ አስቀምጠው የሥጋውን ክር አቋርጠው ቆረጡት። ሮዝ፣ እርጥብ፣ አፍ ውስጥ የሚሟሟ። ሮዝ የማይወድ እስከ 63 ይሂድ፣ ከዚያ ግን ይብቃው።

«ወርቹንስ?» አልኳቸው።

«እሱ ሌላ ነው ልጄ። ጅማት አለው። ሦስት ሰዓት በዝግታ፣ ክዳኑን ገጥመህ። እሱን ካጣደፍከው ትጣላላችሁ።» የዱር አሳማ ከሆነ ግን ሮዝ የሚባል ነገር እንዳላስብ አስጠነቀቁኝ፤ የትሪኪኔላ ትል ሊኖረው ስለሚችል ፈጽሞ መብሰል አለበት። የተፈጨ ሥጋም እንደዚያው፣ 71 ዲግሪ።

እህቴ የእኔንም ግማሽ በላችብኝ። ሂሳቡ ሲመጣ መስመር በመስመር አነበብኩት። «ልዩ ዝግጅት» የሚል የለም።