የጂፍ ቁልፏ፦ ፊት ሰጥታ ድምፅ ትነሳለች

ቻት ስታደርጉ መጻፊያው ጥግ ላይ «ጂፍ» የምትል፣ አጫጭር ተንቀሳቃሽ ምስሎች የምትልክ ትንሽ ቁልፍ አለች አይደል? እኔ ስሙን በማልጠራው አንድ የመልእክት አፕ ላይ፣ ዓመቱን ሙሉ ከፊደል ይልቅ እሷን ስጫን ከረምኩ። ስለዚህ ልፍረድባት። ከአምስት ኮከብ ሦስት።

መጀመሪያ የምትመሰገንበትን። የምትፈልጉት በስሜት ነው እንጂ በፊልም ስም አይደለም። ግራ መጋባትን በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ያቺ ጸጉረ ወርቃማ ሴትዮ ዓይኗን እያንከራተተች፣ ፊቷ ላይ የሒሳብ ቀመር እየተንሳፈፈ ከች ትላለች። ለዓመታት የሆነች የሒሳብ አስተማሪ ትመስለኝ ነበር። ለካ ሬናታ ሶራህ የምትባል ብራዚላዊት ተዋናይት ናት። ምስሉ የተቆረጠው እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2005 ከታየ የብራዚል ተከታታይ ድራማ ነው፤ ቀመሩን ሰዎች ናቸው ኋላ የለጠፉባት። ድራማው ላይ የለየላት ክፉ ናት አሉ። ኢንተርኔት ላይ ግን ሒሳብ የጠፋበት ሰው ሁሉ እህት ሆና ቀረች።

ቁልፏን ስጠቀም የገባኝ ይሄ ነው። ሚም፣ ማለትም ሰው ሁሉ እየተቀባበለ የሚቀልድበት ምስል፣ የሚሆነው የፊልሙ ምርጥ ቦታ አይደለም፣ ታሪኩን ሳታውቁ የሚገባችሁ ቦታ ነው። ማይክል ጆርዳን እ.ኤ.አ. በ2009 በቅርጫት ኳስ የክብር መዝገብ ሲሰፍር መድረክ ላይ አለቀሰ። የክብር እንባ ነበር። ከንግግሩ ተቆርጦ ሲወጣ ግን የተሸናፊ ሁሉ ፊት ሆነ፤ ቡድኑ የተረታበት ሰው የሚላክለት እሱ ነው።

ቅሬታዬ ጋ ልምጣ። ምስሉን ስትነኩት «ይላክ?» ብላ አትጠይቅም። በቃ ሄደ። አንድ ቀን የሥራ ግሩፓችን ላይ አለቃችን «የነገውን ስብሰባ ማን ይምራልን?» ብለው ጻፉ። እኔ እኮ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ የሚያስብ ሰው ነበር የፈለግኩት። አውራ ጣቴ አዳለጠችና የካርቱኑ ሆመር ሲምፕሰን ተላከ። ያ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ቁጥቋጦው ውስጥ ስምጥ የሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ከተላለፈ ክፍል የተወሰደው። ላጠፋው ስሯሯጥ ግማሹ ግሩፕ አይቶታል። አለቃችንም «ከቁጥቋጦው ስትወጣ አንተ ትመራዋለህ» አሉኝ።

ትልቁ ችግር ግን ድምፅ ነው። ጂፍ እ.ኤ.አ. በ1987 የመጣ የፋይል ዓይነት ነው፤ አንዱ ምስል ቢበዛ 256 ቀለም ይይዛል፣ ድምፅ የሚባል ነገር አያውቅም። ለሆመር ይበቃዋል። ዛሬ ትሬንድ የሚሆነው ግን ብዙ ጊዜ ከነድምፁ ነው። የኔትፍሊክስ ተከታታይ ድራማ ላይ ያለችውን ልጅ፣ ዌንስደይን አስታውሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ። ተከታታዩ ላይ የምትጨፍረው ዘ ክራምፕስ በሚባለው ባንድ ዘፈን ነው። ቲክቶከሮች እሱን አንስተው የሌዲ ጋጋን የ2011 ዘፈን ፍጥነቱን ጨምረው ገጠሙባት፣ ዓለም ሁሉ ክንዱን እያወናጨፈ ራሱን ቀረጸ፣ መጨረሻ ላይ ሌዲ ጋጋ ራሷ ጨፍራ ለጠፈች። አሁን ይሄን በጂፍ ላኩት። ጥቁር የለበሰች ልጅ ያለ ሙዚቃ ስትወራጭ ታያላችሁ፣ አለቀ። ቀልዱ ያለው እኮ በዘፈኑና በዚያ በማይፈታ ፊቷ መሀል ነው።

በአማርኛ መፈለጉን ደግሞ ተዉት። «ሳቅ» ብዬ ጻፍኩ፣ ባዶ። «ኧረ በሕግ» ብዬ ሞከርኩ፣ የሆነ የፍርድ ቤት መዶሻ አመጣችልኝ። እሱ እንኳን ሳይታሰብ አስቆኛል፣ ግማሽ ኮከቡን ያገኘችው በሱ ነው።

መጻፍ ለሚሰለቸው ሰው፣ ከጓደኛ ጋር ለመፎጋገር፣ አዎ ተጠቀሙባት። የሥራ ግሩፕ ላይ ግን አውራ ጣታችሁን ጠብቁ። ስብሰባውን የመራሁት እኔ ነኝ።