ጉግል ሺትስ ለቤት ወጪና ለትርፍ ሥራ ሒሳብ፦ የት ይረዳል፣ የት ያሳስታል

ደመወዝ ባንክ ይገባል። የትርፍ ሥራው ገንዘብ ግማሹ በቴሌብር፣ ግማሹ በእጅ ይመጣል። ዕቁብ አለ፣ እድር አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለ። በእንዲህ ያለ ቤት ወር ሲያልቅ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ትርፍ ሥራው በእርግጥ ያተርፋል ወይስ ደመወዙ እየደጎመው ነው? ጉግል ሺትስን፣ ማለትም በረድፍና በዓምድ የሚሞላውን የጉግል የሒሳብ ሰንጠረዥ፣ እዚህ የምንመዝነው ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት መቻሉን በማየት ነው። ነጻ ነው፣ የሚጠይቀው የጉግል አካውንት ብቻ ነው፣ በስልክም በኮምፒውተርም ይከፈታል። መልሱን ይሰጣል፤ ግን የሚሰጠው አብረውት የሚመጡትን ዝግጁ ቅጾች ትቶ የራሱን ቅጽ ለሚሠራ ሰው ነው።

ዝግጁ ቅጾቹ ያምራሉ፣ ለእኛ ቤት ግን አይሆኑም። «መንዝሊ በጀት» የሚባለው ወጪን በአንድ በኩል፣ ገቢን በሌላው ያስጽፋል፤ ገንዘቡ የት እንዳለ የሚጻፍበት ቦታ ግን የለውም። ከባንክ ወደ ቴሌብር 5,000 ብር ብታዛውሩ ወጪም ገቢም አይደለም፤ ቅጹ ግን ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ይላል። ከባንክ ሲወጣ ወጪ ብላችሁ ከጻፋችሁት፣ ያው ብር ከቴሌብር ለአስቤዛ ሲከፈል ደግሞ ሁለተኛ ወጪ ይሆናል። 5,000 የነበረው 10,000 ሆኖ ይደመራል፣ ወሩም ያለ ምክንያት የከሰረ ይመስላል። የዓመቱ ቅጽ ደግሞ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር 12 ወር ብቻ ስላለው ጳጉሜን የምታስገቡበት አጥታችሁ ትቀራላችሁ።

ስለዚህ ባዶ ሺት ከፍታችሁ ስምንት ዓምድ ሥሩ፦ ወር፣ ቀን፣ ከየት፣ ወደ የት፣ መጠን፣ ዓይነት፣ የማን (ቤት ወይስ ሥራ)፣ ማስታወሻ። ዋናው ነገር «ከየት» እና «ወደ የት» የሚሉት ናቸው። በእነዚህ ሁለት ዓምዶች የሚገቡት ገንዘብ የሚቀመጥባቸው ቦታዎች ናቸው፦ ባንክ፣ ቴሌብር፣ እጅ፣ ዕቁብ፤ ከቤቱ ውጭ ያለው ዓለም ሁሉ ደግሞ «ውጭ» ይባላል። ደመወዝ ከውጭ ወደ ባንክ ነው። አስቤዛ ከእጅ ወደ ውጭ ነው። ከኤቲኤም ያወጣችሁት ከባንክ ወደ እጅ ነው፤ ገቢም ወጪም ሳይሆን ቦታ መቀየር ብቻ። የመደመርና የመቀነስ ምልክት የትም አይገባም። የአንድ ቦታ ቀሪ ሒሳብ ማለት መጀመሪያ የነበረው፣ ሲደመር «ወደ የት» ላይ ስሙ የተጻፈበት ሁሉ፣ ሲቀነስ «ከየት» ላይ ስሙ የተጻፈበት ሁሉ ነው። ይህን የሚያሰላው ሰምኢፍስ (SUMIFS) የሚባለው ፎርሙላ ነው፦ መጠኑን ደምር፣ «ወደ የት» ላይ ይህ ስም ካለ። የወር ድምርም በእሱ ነው፦ መጠኑን ደምር፣ ወሩ ይህ ከሆነ፣ ዓይነቱም ያ ከሆነ። ከእሱ ሌላ ፎርሙላ ማወቅ ግድ አይደለም።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው ሒሳቡ የሚበላሽበት እዚህ ላይ ነውና። ሺትስ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። 2018-02-05 ብላችሁ ጥቅምት 5ን ስትጽፉ እሱ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 5 ነው ብሎ ይቀበለዋል። ያም ባልከፋ። 2018-02-30 ስትጽፉ ግን ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። 2018-13-03ም እንዲሁ፣ 13ኛ ወር የለውምና። በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆናል፤ በቅደም ተከተል ሲደረደር ይዘበራረቃል፣ በወር ሲደመር ደግሞ የጥቅምት 30 እና የጳጉሜ ወጪዎች ድምፅ ሳያሰሙ ይቀራሉ። ስህተት ነው የሚል ቀይ ምልክት እንኳ አይወጣም። መድኃኒቱ ቀኑን መክፈል ነው። ወሩ ለብቻው «01-መስከረም»፣ «02-ጥቅምት» እያለ እስከ «13-ጳጉሜ» ከዝርዝር ይመረጥ፤ በቀኑ ዓምድ ከ1 እስከ 30 ያለ ቁጥር ብቻ ይግባ። ፊት ያለው ቁጥር ወሮቹን በተራቸው ያሰልፋቸዋል። ለየዓመቱ አዲስ ፋይል ከተከፈተ ዓመቱን መጻፍ አያስፈልግም። የባንክ መልእክት የሚመጣው በፈረንጅ ቀን ስለሆነ፣ ከደረሰኝ ጋር ማመሳከር የሚፈልግ ሰው የግብይት ቁጥሩን ማስታወሻው ላይ ቢያኖር ይበቃዋል።

የፊደል ነገርም አለ። እኛ ስናነብ «ጸጉር» እና «ፀጉር»፣ «ሀኪም» እና «ሐኪም» አንድ ናቸው፤ ለሺትስ ግን አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባል በአንዱ፣ ሚስት በሌላው ከጻፉ የሕክምናው ድምር ግማሽ ሆኖ ይመጣል። ወር፣ ከየት፣ ወደ የት፣ ዓይነትና የማን የሚሉት አምስቱ ዓምዶች ሁሉ ድሮፕዳውን (ከዝርዝር የሚመረጥባቸው) ይሁኑ፤ ከዝርዝሩ ውጭ የተጻፈውን እንዲመልስም «ሪጀክት ኢንፑት» የሚለው መመረጡን አረጋግጡ። ይህን ሥራ በኮምፒውተር መሥራት ይሻላል፤ በስልክ ትዕግሥት ይጨርሳል። መጠኑ ላይ ደግሞ ቁጥር ብቻ። «1500 ብር» ብሎ የጻፈ ሰው ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ ስለቀየረው ድምሩ ይዘለዋል። ማወቂያው ቀላል ነው፦ ቁጥር በሴሉ (በሚጻፍበት ሳጥን) ውስጥ ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ።

ሺትስ ከብዙዎቹ የስልክ መተግበሪያዎች በግልጽ የሚበልጠው ዕቁብ ላይ ነው። መተግበሪያዎቹ ዕቁብን ወጪ ነው ወይም ቁጠባ ነው ብላችሁ እንድትወስኑ ይጠብቃሉ። ዕቁብ ግን እንደ ዕጣው ይለያያል፤ ቀድሞ ለወጣለት ብድር ነው፣ መጨረሻ ለደረሰው ቁጠባ። አሥር ሰው በየወሩ 3,000 ብር የሚጥልበት ዕቁብ እንውሰድ። ዕጣው በሦስተኛው ወር ወጣላችሁ። እስከዚያ የጣላችሁት 9,000 ነው፣ የተቀበላችሁት 30,000። «ዕቁብ»ን እንደ ባንክ አንድ ቦታ አድርጋችሁ ከያዛችሁት፣ ስትጥሉ ከባንክ ወደ ዕቁብ፣ ሲደርሳችሁ ከዕቁብ ወደ ባንክ ብቻ ነው የምትጽፉት። በሦስተኛው ወር የዕቁብ ቀሪ ከዜሮ በታች 21,000 ያሳያል፤ ይህም ገና የምትጥሉት የሰባት ወር ዕዳ ነው። በአሥረኛው ወር ዜሮ ይሆናል። 30,000ውን ገቢ ብሎ የጻፈ ሰው ግን ያን ወር ባለጸጋ ይመስለዋል፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሰባት ወራት ደግሞ ወጪው ለምን እንደበዛ ሲመራመር ይከርማል። የዳኛና የጸሐፊ ድርሻ የሚቆረጥበት ዕቁብ ከሆነ እውነተኛ ወጪው ያቺ የተቆረጠችው ብቻ ናት። እድር ሌላ ነው፤ ተመላሽ ስለሌለው በቀጥታ ወጪ ይባላል።

ወደ ትርፍ ሥራው ስንመጣ፣ ቤት ውስጥ በትዕዛዝ ኬክ የሚጋገርበትን ጉዳይ እንይ። ለምሳሌ ያህል ኬኩ በ2,500 ብር ታዘዘ፣ 1,000 ቀብድ ተከፈለ። ቀብድ ገንዘቡ ስለገባ ይመዘገባል፣ ዓይነቱ ግን «ቀብድ» ይባል እንጂ «ሽያጭ» አይባል፤ ትዕዛዙ ከተሰረዘ ተመላሽ ነዋ። ኬኩን በተረከቡት ቀን «ቀብድ» የሚለው ወደ «ሽያጭ» ይቀየራል፣ የቀረው 1,500ም አብሮ ይጻፋል። በማንኛውም ሰዓት ቀብድ ተብሎ የተቀመጠውን መደመር ያልተሠራው ሥራ ስንት እንደሆነ ይነግራል፤ ለዋዜማ በዓል ዱቄትና ቅቤ ከመገዛቱ በፊት ይህ ቁጥር ወርቅ ነው።

ወጪው ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው ለቤትም ለሥራም የሚገዛ ዕቃ ላይ ነው። 30 እንቁላል በአንድ ትሪ ተገዛ፣ 9ኙ ለኬክ ገባ፣ የቀረውን ልጆች በሉት። ሙሉው በሥራው ከተጻፈ ኬኩ ሳይከስር የከሰረ ይመስላል፤ ሙሉው በቤት ከተጻፈ ደግሞ ያላተረፈውን ያተረፈ ይመስላል። አንዱን ግዢ ሁለት ረድፍ አድርጉት፦ 30 በመቶው «ሥራ»፣ 70 በመቶው «ቤት»። ለስኳር፣ ለዘይትና ለመብራት በየቀኑ እንዲህ መክፈል ስለሚያሰለች በወር አንዴ በግምት ቆርጦ መያዝ ይበቃል። ግብዓቱ 1,180፣ ካርቶኑ 80፣ ማድረሻው 200 ብር ከሆነ ከ2,500ው 1,040 ይቀራል። አራት ሰዓት ከወሰደ የሰዓቱ 260 ብር ነው። ይህን ቁጥር ከደመወዝ ሥራው የሰዓት ክፍያ ጎን ማስቀመጥ ነው ሌሊቱን መንቃት ያዋጣል ወይ የሚለውን የሚመልሰው። ማስታወሻው ላይ ሰዓቱን መጻፍ እንዳይረሳ።

ደመወዝ ሲመዘገብ እጅ የገባው የተጣራው ይጻፍ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራው የግብር ማስከፈያ 12,000 ብር ደመወዝ ላይ ግብሩ 2,250፣ 7 በመቶ ጡረታው 840 ብር ነው፤ የሚደርሰው 8,910 ነው። ያልተጣራውን የጻፈ ሰው በየወሩ የጠፋ 3,090 ብር ሲፈልግ ይኖራል። በቴሌብር ወይም በባንክ ስታስተላልፉ የሚመጣው መልእክት ደግሞ የአገልግሎት ክፍያውንና በእሱ ላይ የተጨመረውን 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ለብቻ ለብቻ ያሳያል። ሳንቲሞች ስለሆኑ እያንዳንዱን መጻፍ አድካሚ ነው። ይልቅ በሳምንት አንዴ፣ እሑድ ከሰዓት እንበል፣ በመጨረሻው መልእክት ላይ ያለውን ቀሪ ሒሳብ ከሺቱ ጋር አስተያዩ፤ ልዩነቱን በአንድ ረድፍ «የማስተላለፊያ ክፍያ» ብላችሁ ዝጉት። ልዩነቱ ከክፍያ በላይ ከሆነ ያልተጻፈ ነገር አለ ማለት ነው። እጅ ላይ ያለውም ይቆጠር። ታክሲና ቡና የሚጠፋው እዚያ ነው፤ እነሱን አንድ በአንድ ከማሳደድ «ልዩ ልዩ» ብሎ ማለፍ ጤናም ነው።

በስልክ አጠቃቀሙ መካከለኛ ነው። ስምንት ዓምድ በትንሽ ስክሪን ጎን ለጎን ስለማይታይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መጎተት አለ፤ ማስታወሻውን መጨረሻ ላይ ማድረጋችን ለዚሁ ነው። ዳታ ሲቋረጥ እንዲሠራ ፋይሉን አስቀድሞ «አቬይለብል ኦፍላይን» ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህን ያላደረገ ኔትወርክ በሌለበት ይቆማል። ባልና ሚስት አንዱን ፋይል በየስልካቸው ሊሞሉ ይችላሉ። ሁለቱም ኦፍላይን ሆነው አንዱን ባዶ ረድፍ ከሞሉት ግን ኋላ የደረሰው የፊተኛውን ይደመስሳል። ለእያንዳንዱ ሰው በዚያው ፋይል ውስጥ የራሱ ታብ (ገጽ) መስጠትና በሦስተኛው ታብ ላይ መደመር ይህን ያስቀራል። የድምሩን ታብ በኮምፒውተር «ፕሮቴክት ሺት» ብላችሁ ቆልፉት፤ በአውራ ጣት ስህተት የጠፋች አንዲት ፎርሙላ ወሩን ሙሉ ታሳስታለች። ከጠፋችም «ቨርዥን ሂስትሪ» ውስጥ ገብቶ የትናንቱን መመለስ ይቻላል፤ ደብተር ይህን አይችልም።

መኒ ማኔጀር የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ለመጻፍ ከሺትስ ይፈጥናል፣ ከቦታ ወደ ቦታ ዝውውርንም ለይቶ ያውቃል። ደመወዝ ብቻ ላለው ሰው እሱ ይሻላል። መረጃው ግን ስልኩ ላይ ስለሚቀመጥ ባክአፕ ሳይወሰድ ስልኩ ከጠፋ ሒሳቡም አብሮ ይጠፋል፤ ወሩም የፈረንጅ ነው። ሽያጩ ሁሉ በእጅ የሆነ፣ ቀኑን ሙሉ እጁ ሊጥ ወይም ቀለም የነካው ሰው ደግሞ መስመር የተሰመረበት ደብተር ይዞ፣ ማታ ድምሩን ብቻ ወደ ሺት ቢያስገባ ነው የሚያዛልቀው። ንግድ ፈቃድ ያወጣ ከሆነም ፋይሉን በመስከረም ሳይሆን በሐምሌ 1 ይክፈት፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ለግብር የሚያስፈልገው ድምር ከሁለት ፋይል እየተቀዳ አይሰበሰብም።