የእናቴ ቤት ቆርቆሮ ለምን ያልበዋል?

ለሦስት ሳምንት አገር ቤት ስገባ ያሰብኩት ዘመድ ልጠይቅ ነበር፤ ሁለቱን ሳምንት ግን የእናቴ ቤት ጣሪያ ወሰደብኝ። ቆርቆሮው ዝጓል፣ ያንጠባጥባል፣ መቀየር አለበት ተብዬ ነው የገባሁት። በአጭር ቆይታ እንዲህ ያለ ሥራ ለማሠራት ለሚያስብ ሰው ይጠቅም እንደሆነ፣ ያገኘሁትን አገልግሎት እንዳየሁት እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ያገኘሁት የግንባታ ዕቃ ሻጩን ነው። ሰውዬው ትሑት ነው፤ ዕቃውም ባለው ቀን ደርሷል። ምክሩን ግን ባልሰማሁት ይሻለኝ ነበር። ችግራችን ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ አንድ ጥቅል የአልሙኒየም ፎይል አወጣና «ይህን ከቆርቆሮው ጋር አጣብቀው ካነጠፉ ሙቀት አይገባብዎትም» አለኝ። ነገሩ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ፎይል የጨረር ሙቀትን በደንብ ይመልሳል፤ ለዚህ ግን አንጸባራቂው ገጽ ፊት ለፊት ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት አየር ያስፈልገዋል። ከቆርቆሮው ጋር ከተጣበቀ ሙቀቱ በንክኪ ያልፈዋል፤ ያወጣችሁት ገንዘብም አብሮት ያልፋል። ፎይሉን መለስኩ፤ ሳያኮርፍ ተቀበለኝ፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

ቤቱን ያተረፈልን አናጺው ነው። ጠና ያሉ ሰው ናቸው። መሰላል ከመውጣታቸው በፊት «ልጄ፣ የሚያስቸግራችሁ የቀን ሙቀት ነው፣ የሌሊት ላብ ነው ወይስ የዝናብ ጩኸት?» ብለው ጠየቁኝ። እናቴ ውሃው የሚንጠባጠበው ብዙ ጊዜ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ማግሥት እንደሆነ ስትነግራቸው ሳቁ። «ታዲያ ይህ ውሃ ከሰማይ አልመጣማ! ከምድጃችሁና ከትንፋሻችሁ ነው» አሉ። አሮጌውን ቆርቆሮ አንስተው ሲገለብጡት ዝገቱ የበረታው በታችኛው ፊቱ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ቆርቆሮ ደመና በሌለበት ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአካባቢው አየር በታች ይቀዘቅዛል፤ ከማድ ቤትና ከመታጠቢያ ቤት የሚወጣው እርጥብ አየር ሲነካው ጠል ይሆናል። እናቴ ለዓመታት ቀዳዳ ስታስደፍን የኖረችው በከንቱ ነው።

ከቆርቆሮው ሥር ስለሚነጠፈው ንጣፍ ከአናጺው ጋር ረጅም ክርክር ነበረን። እኔ ሬንጅ የተነከረውን ወፍራም ወረቀት ፈልጌ ነበር፤ ርካሽ ነው፣ የታወቀም ነው። እሳቸው ግን ፀሐይ ሲበረታ ከቆርቆሮው ጋር እንደሚጣበቅ፣ ብረቱ በቀን ሲለጠጥ በሌሊት ሲሰበሰብም እንደሚቀደድ አስረዱኝ። ሌላው ምርጫ፣ ራሱ የሚለጠፈው የሬንጅ ሜምብሬን (ስስ ሽፋን)፣ ውሃን አጥብቆ ይዘጋል፤ ከብረት ጣሪያ ሥር የሚሆነው ግን ከፍተኛ ሙቀት እንዲችል ተብሎ የተሠራው ዓይነት ብቻ ነው። እንፋሎትም አያሳልፍም። የእኛ ችግር ደግሞ እንፋሎት ነበር። ስለዚህ እንፋሎት እያሳለፈ ፈሳሽ ውሃን የሚከለክለውን ሰው ሠራሽ ንጣፍ መረጥን። ከታች ጀምረው ወደ ላይ፣ አንዱን በአንዱ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል እየደረቡ አነጠፉት፤ በየወራጁ ላይ ቀጭን ጣውላ መቱበትና በንጣፉና በቆርቆሮው መካከል አየር የሚሄድበት ክፍተት ተዉ። ክፍተቱ በጣሪያው ታችኛ ጠርዝና በላይኛው ጫፍ ክፍት ነው። ጠል ቢፈጠርም በንጣፉ ላይ ወርዶ አሸንዳ ውስጥ ይገባል።

በኮርኒስ ሠራተኞቹ አልተደሰትኩም። ፈጣን ናቸው፤ ፍጥነታቸው ግን ዋጋ አስከፍሎናል። ለሙቀት መከላከያ የገዛነው የብርጭቆ ሱፍ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ነበረው። ሌላውን መከላከያ፣ ፎሙን፣ የተውኩት እሳት በቀላሉ ስለሚይዘው ነው፤ ሱፉ አይቀጣጠልም፣ የዝናብንም ጩኸት ያደነዝዛል። ልጆቹ ግን ጠርዝ ጠርዙን በእግራቸው እየረገጡ ግማሽ ያህል አሳነሱት። ሙቀት የሚያግደው በክሮቹ መካከል የታሰረው አየር ነው፤ ሱፉ ሲጨፈለቅ ያ አየር ይወጣል። ይባስ ብለው የአየር መግቢያውን በሱፍ ደፈኑት። ጠርቼ አሳየኋቸው፤ እያጉረመረሙ አስተካከሉ። ቆርቆሮውንም በግራይንደር (በሚሽከረከር የብረት መቁረጫ) ሲቆርጡ የጋለው ብናኝ አዲሱ ቀለም ላይ ተለጥፎ በሳምንቱ የዝገት ነጠብጣብ አወጣ። በቆርቆሮ መቀስ ቁረጡ ብሎ አስቀድሞ መናገር ይገባል፤ እኔ አልተናገርኩም።

አናጺውን ዓይኔን ሳላሽ ለማንም እመክራለሁ። ሻጩ ጋ ዝርዝር ጽፋችሁ ሂዱ እንጂ ምክር አትጠይቁት። የኮርኒሱን ሥራ ግን አጠገባቸው ሳትቆሙ አታሠሩ።

ከተመለስኩ በኋላ እናቴ ደወለችልኝ። ጣሪያው አያንጠባጥብም፣ ቀትር ላይም ቤቱ ውስጥ መቀመጥ ይቻላል አለች። አንድ ቅሬታ ግን አላት፦ «ዝናብ መጀመሩ እኮ አይሰማኝም ልጄ፤ ያሰጣሁት ልብስ ሁለት ጊዜ ራሰብኝ።»