ሥራ ፍለጋ፦ በማስታወቂያ ወይስ በሰው?

ማስታወቂያ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የግድ ሰው ማወቅ አይጠይቅም። ችግሩ ግፊያው ነው። አንዱን ሲቪ ለሁሉም ከላኩ ደግሞ ዕድልዎ ይጠባል። ማስታወቂያው "የበጀት ክትትል" ካለ፣ በዚያ ዘርፍ የሠሩትን ከሲቪው አናት ላይ ያስቀምጡ።

እኔ ግን ሰው መጠየቁ ይበልጥብኛል። ልመና አይደለም፤ መረጃ መጠየቅ ነው። የቅርብ ጓደኛ የሚያውቀውን ብዙውን ጊዜ እኛም እናውቀዋለን። የሶሺዮሎጂ ባለሙያው ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት አብዛኞቹ ወሬውን የሰሙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያገኙት ሰው ነበር። ስለዚህ ለቀድሞ ባልደረባዎ አጭር መልእክት ይላኩ፦ "እናንተ ጋ ሒሳብ ክፍል ሰው ይፈልጋል? ማንን ላናግር?" እንዲህ ያለው ጥያቄ "ሥራ ፈልግልኝ" ከማለት ይልቅ ለመመለስ ይቀላል።