ከታር ፋይል ማስቀረት፦ ትእዛዙ ላይ ወይስ በዝርዝር?

ለገጣፎ ነው የምኖረው። ማታ ማታ የሥራ ፎልደሬን በታር (tar፣ ብዙ ፋይሎችን ወደ አንድ ፋይል የሚጠቀልል የትእዛዝ ፕሮግራም) ጠቅልዬ በሞባይል ዳታ ወደ ሰርቨር እልካለሁ። የማያስፈልግ ፋይል አብሮ ሲሄድ ያንገበግበኛል፤ ፓኬጁን ይበላዋል እኮ።

አንዱ መንገድ ኤክስክሉድን (--exclude፣ «ይህን ፋይል አትጠቅልል» የሚለውን የታር አማራጭ) እዚያው ትእዛዙ ላይ መጻፍ ነው። ለአንድ ሁለት ስም ፈጣን ነው። ማንኛውንም ስም የሚወክለው ኮከብ ምልክት (*) ካለበት ግን በነጠላ ጥቅስ እጠሩት። አንድ ማታ ሎጎችን (የፕሮግራም መዝገብ ፋይሎችን) ላስቀር ብዬ ከኤክስክሉድ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ትቼ፣ ያለ ጥቅስ ጻፍኩ። ሼሉ (ትእዛዛችንን ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም) ኮከቧን ቀድሞ ወደ ፋይል ስሞች ፈታት። የመጀመሪያው ሎግ ብቻ ከጥቅሉ ውጭ ሆነ፤ የተቀሩት ሎጎች በሙሉ እንዲጠቀለሉ የታዘዙ ፋይሎች ሆነው ገቡ። ዳታዬም አለቀ።

ሌላው መንገድ ኤክስክሉድ ፍሮም (--exclude-from) ነው። የሚቀሩትን ስሞች አንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ፣ በየመስመሩ አንድ አንድ ትጽፋላችሁ። እዚህ ደግሞ ጥቅስ አታድርጉ! ታር የስሙ አካል አድርጎ ያነበዋል፣ ፋይሉም አይቀርም። በጂኤንዩ ታር (ሊኑክስ ላይ በተለመደው የታር ዓይነት) የፎልደሩን ስም በስላሽ ከጨረሳችሁትም አይገጥምም።

ስሞቹ ከሦስት ካለፉ እኔ ዝርዝሩን እመርጣለሁ። ስክሪፕቱን ሳልነካ አንድ መስመር ጨምሬ እወጣለሁ። ለአንድ ቀን ሥራ ብቻ ከሆነ ትእዛዙ ላይ መጻፍ ይበቃል። ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀምም ይቻላል።