ማኑፋክቸርድ ሆም ወይስ ሞጁላር ሆም? ከመፈረምዎ በፊት

አሜሪካ ውስጥ ቤት ለመግዛት አስበው ዋጋው ካስደነገጠዎት፣ ፋብሪካ ውስጥ ተሠርተው በከባድ መኪና ተጭነው የሚመጡትን ቤቶች ሳያዩ ተስፋ አይቁረጡ። ሁለቱን ዓይነት ግን ለይተው ይወቁ። በዓይን ይመሳሰላሉ፤ በሕግና በባንክ ፊት ግን የተለያዩ ናቸው።

ማኑፋክቸርድ ሆም የሚሠራው ከሰኔ 1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጸናው የፌዴራል መንግሥት ደንብ ሲሆን ከሥሩ የማይነቀል የብረት ሻሲ አለው። በውጭ ግድግዳው ላይ ትንሽ ቀይ የብረት ምልክት ይፈልጉ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው የኩሽናውን ቁም ሳጥን ይክፈቱ፤ ብዙ ጊዜ በሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ያገኛሉ። ቤቱ መቼ እንደተሠራ፣ ምን ያህል ነፋስና የበረዶ ክብደት እንዲችል እንደታቀደ እዚያ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1992 አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ከመታ በኋላ፣ በ1994 የነፋስ መቋቋሚያው ደንብ ጥብቅ እንዲሆን ተደርጓል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ለባሕር ጠረፍ አካባቢ አልመክርም።

ሞጁላር ሆም ደግሞ የሚሠራው በክፍለ ግዛቱና በአካባቢው የግንባታ ሕግ ነው፤ የሚቆመውም በቋሚ መሠረት ላይ ነው። ባንኮች እንደ ማንኛውም ቤት ያበድሩበታል። ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ማኑፋክቸርድ ሆም መሬቱ ሳይታሰብ፣ በስኩዌር ፊት ሲሰላ በቦታው ከሚገነባ ቤት ግማሽ ገደማ ነው የሚያወጣው።

ልዩነቱ በዚህ ቢያበቃ ምርጫው ቀላል ነበር። የሚከብደው የመሬቱ ጉዳይ ነው። አንድ ወዳጄ ቤቱን ገዝቶ ቦታውን ተከራየ። ቤቱ በሕግ ፊት እንደ መኪና ተንቀሳቃሽ ንብረት ስለተቆጠረ፣ የተሰጠው ብድር ወለዱ ከፍ ያለ፣ የመክፈያ ጊዜውም አጭር ነበር። በሦስተኛው ዓመት የቦታው ኪራይ ሲጨመርበት ቤቱን ነቅሎ ለመሄድ ጠየቀ፤ የማጓጓዣውና የመትከያው ሒሳብ ሲነገረው እንደገና ቁጭ አለ። ያን ቀን ፊቱን አይቻለሁ። ቤቱ የራሱ ሆኖ ሳለ ተከራይ ነበር።

መሬት ካለዎት ወይም አብረው መግዛት ከቻሉ፣ እኔ ያለማመንታት ማኑፋክቸርድ ሆምን እመርጣለሁ። በቋሚ መሠረት ላይ ተክለው ከመሬቱ ጋር እንደ ማይንቀሳቀስ ንብረት ካስመዘገቡት ሞርጌጅ (ቤቱንና መሬቱን በመያዣነት አስይዞ የሚሰጥ የቤት ብድር) መጠየቅ ይችላሉ። ቦታ መከራየት ግድ ከሆነብዎት ግን የውሉን ዘመንና ያለፉትን ዓመታት የኪራይ ጭማሪ በጽሑፍ ይጠይቁ። ነዋሪዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር መሬቱን የያዙበት ሰፈር ካገኙ ያንን ያስቀድሙ። ሞጁላርን የምመክረው ከተማው በሚፈልጉት ሰፈር ማኑፋክቸርድ ሆም እንዳይተከል ሲከለክል ነው፤ ይህ ክልከላ በብዙ ከተሞች አለ። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት የትኛው ሰፈር ምን እንደሚሠራበት የሚወስነውን የከተማውን የዞን ክፍል ጠይቀው ያረጋግጡ።